ቦሎቄና ጨዋማ መሬት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)



ባለፈው ዓመት በዚሁ መድረክ ቆመን፣ ቦሎቄያችሁ ቢጠወልግ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ውሃ አጠጡት ብለን መክረን ነበር። ምክራችን ስሕተት ነበረ። የአንዱ ጓደኛችን አባት ቃላችንን አምነው እንዳልነው ቢያደርጉ፣ ማሳቸው ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት መሰለ፤ የቡቃያውም ቅጠል ከዳር ከዳሩ ተቃጠለ። እርሳቸው አንድም ቃል አልወቀሱንም። እኛ ግን ይህን ሳናቃና ከትምህርት ቤቱ መውጣት አልወደድንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመስኖ ውሃ ሁሉ፣ ጥቂትም ቢሆን፣ የሟሟ ጨው ይዞ ይመጣል። ፀሐይ ውሃውን ስትወስድ ጨውን ትታው ትሄዳለች። ከሥር ያለው ውሃም ቅርብ ከሆነ፣ ላምባ በኩራዝ ክር እንደሚሳብ እንዲሁ በአፈሩ ውስጥ እየተሳበ ጨውን ወደ ላይ ያወጣል። በዚህ ጊዜ አፈሩ ርጥብ ሆኖ ሳለ ተክሉ ይጠማል፤ ጨው ውሃውን አጥብቆ ይዞ ሥሩ እንዳይስበው ይከለክላልና። መጠውለጉን ያየ ሰው እንደ እኛ ተታሎ ጥቂት ያጠጣል፤ ጨውንም ይጨምራል።

ቦሎቄ በዚህ ረገድ እጅግ ደካማ ነው። የአፈር ጨው ዴሲሲመንስ በሜትር በሚባል መለኪያ ይለካል። ማስና ሆፍማን የተባሉ ሊቃውንት በ1977 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሠንጠረዥ፣ ገብስ እስከ 8፣ ጥጥ እስከ 7.7 ምርቱ ሳይጎድል ሲታገሥ፣ ቦሎቄ ግን 1 ካለፈ በኋላ በአንድ አንድ መለኪያ ከመቶ 19 ያህል ምርት ያጣል። ያ ታጋሽ ጥጥ እንኳ ይበቅልበት የነበረ በመካከለኛው አዋሽ፣ በአሚባራ የሚገኝ ሰፊ ማሳ፣ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍ ብሎ ጨው ስላወጣ ተትቷል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከሁሉ አስቀድሞ ማፋሰሻ ቦይ ይቆፈር። ከዚያም ከመዝራት በፊት ጨው ያልበዛበትን ውሃ በብዛት ለቆ ጨውን ከሥር በታች ማጠብ ነው። ማፋሰሻ በሌለበት ግን ይህንኑ ማድረግ ሌላ ጥፋት ነው፤ ውሃው መሄጃ አጥቶ ተመልሶ ይወጣልና።

ዘሩ ከመደቡ አናት ላይ ሳይሆን በጎኑ ይዘራ። በግራና በቀኝ ትልም የሚሄደው ውሃ ጨውን እየገፋ በአናቱ ላይ ያከማቻል። በትምህርት ቤታችን አትክልት ቦታ ከአንድ ቁና የተወሰደውን ዘር በአንድ ቀን በሁለቱም ዘርተን ነበር። የጎኑ ሲበቅል፣ የአናቱ አብዛኛው በአፈር ውስጥ ቀረ። መሬቱን በገለባ መሸፈንም ፀሐይ ውሃውን ፈጥና እንዳትወስደው ይረዳል።

ስለ ጂፕሰም ብዙ ይወራል። ጂፕሰም የሚጠቅመው ሶዲየም በዝቶበት ለተደፈነና ውሃ ለማያሰርግ አፈር ነው፤ እርሱም ቢሆን በኋላ መታጠብ አለበት። ስለዚህ አፈሩ ሳይመረመር ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። ጨው እጅግ የበረታበትን መሬት ደግሞ ቦሎቄ ካልሆነ ብሎ ከመታገል፣ ለጊዜው ገብስ መዝራት ይሻላል።

ለእኚያ አባት ፈተናችን እንዳለቀ አካፋችንን ይዘን ልንመጣ ቃል ገብተናል። ቦዩ የሚወርድበትን ዝቅ ያለ ሥፍራ እርሳቸው ያሳዩናል፤ የምንቆፍረው እኛ ነን።