ታትሞ የሚያዝ የባቡር ካርታ

አቅራቢ 1፦ የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ካርታ የዛሬውን መልክ ያገኘው ከንድፍ ሠሪው ሃሪ ቤክ ነው። በ1931 እ.ኤ.አ. ነደፈው፤ በ1933 ለሕዝብ ታተመ። መስመሮቹ አግድም፣ ቁልቁል ወይም በ45 ዲግሪ ያዘነበሉ ናቸው።

አቅራቢ 2፦ ስለዚህ ካርታው ርቀትን አይናገርም። የሚያሳየው የጣቢያዎችን ቅደም ተከተልና መገናኛቸውን ነው፤ ለመንገደኛ ከሁሉ የሚጠቅመውም ይኸው ነው።

አቅራቢ 1፦ ጉዞ ሲታቀድ መነሻውና መድረሻው በእርሳስ ይከበባል፤ ቀጥሎ የሁለቱ ጣቢያዎች መስመሮች፣ ማለትም ሁለቱ ቀለሞች፣ የሚገናኙበት ነጭ ክብ ይፈለጋል። ከፓዲንግተን ወደ ኮቨንት ጋርደን የሚሄድ ሰው በቡናማው የቤከርሉ መስመር ተሳፍሮ ፒካዲሊ ሰርከስ ይወርዳል፤ ወደ ጥቁር ሰማያዊው የፒካዲሊ መስመር ይቀይራል። ከዚያ ሁለተኛው ጣቢያ ኮቨንት ጋርደን ነው።

አቅራቢ 2፦ እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያሻል። ከኮቨንት ጋርደን በፊት ያለው ሌስተር ስኩዌር የሚርቀው 260 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ካርታው ግን ይህን አይገልጥም። በሁለቱ መካከል በእግር መሄድ እጅግ ይሻላል።

አቅራቢ 1፦ ካርታውን ለማተም ባለቀለም ማተሚያ ለሌለውም መስመሮቹ በቀለም ፈንታ በቅርጽ የተለዩበት ጥቁርና ነጭ ቅጂ አለ።

አቅራቢ 2፦ ቅዳሜና እሁድ ለጥገና የሚዘጉ መስመሮች ወረቀቱ ላይ አይታዩም፤ ዕቅዱ በዕለቱ ከሚወጣው የአገልግሎት መግለጫ ጋር ይመሳከራል።