የሕፃናት የዓይን ጉዳትና የመጀመሪያው ሰዓት



ሉዊ ብሬል እ.ኤ.አ. በ1812 ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለ፥ ፈረንሳይ አገር ኩቭሬ በምትባል መንደር በአባቱ የፈረስ ዕቃ መሥሪያ ቤት በወስፌ ሲጫወት አንድ ዓይኑን ወጋ። በሽታው ወደ ጤነኛው ዓይን ተሻገረና ሕፃኑ አምስት ዓመት ሲሞላው ሁለቱንም አጥቶ ነበር። ዓለም ብሬልን የሚያስታውሰው በጣት በሚነበበው ጽሕፈቱ ነው፤ ለጤና ባለሙያ ግን የታሪኩ መነሻም ታላቅ ትምህርት አለው።

የኢትዮጵያ ልጅም ከወስፌና ከመሰሎቹ ጋር ይውላል። እንጨት ሲፈለጥ ፍንጣሪው፥ ከብት ሲጠብቅ እሾኹ፥ ሲጫወት ድንጋዩና ወንጭፉ፥ በቡሄ ሰሞን የጅራፉ ጫፍ፥ በከተማም በየጓዳው የሚቀመጠው በረኪና፥ የባትሪ አሲድና ኖራ ለዓይኑ ያሰጋሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ የዓለም ጤና ድርጅት ጥናት፥ በጉዳት ምክንያት የአንድ ዓይናቸው ብርሃን የጠፋ ወይም የደከመ ሰዎች በዓለም 19 ሚሊዮን ያህል እንደሚሆኑ ገምቷል።

ይሁን እንጂ ብዙ ዓይን የሚጠፋው ከአደጋው በኋላ በሚባክነው ጊዜ ነው። ልጁ የተከለከለውን ሲነካ ስለተጎዳ ዱላ ፈርቶ ይደብቃል፤ ወላጅም ነገሩን የሚያውቀው ዓይኑ ሲቀላ ወይም ብሌኑ ላይ ነጭ ነገር ሲታይ ነው። ከዚያም የጡት ወተት ወይም የቅጠል ጭማቂ ይጨመርበታል፤ ቁስሉም ለተሐዋስያን ይጋለጣል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የተገዛ ስቴሮይድ ያለበት ጠብታም እንዲሁ አደገኛ ነው፤ እሾኽ ወይም ቅጠል የጫረው ዓይን ፈንገስ ገብቶበት እንደሆነ፥ ጠብታው ቅላቱን እያበረደ በሽታውን ያባብሰዋል።

የመጀመሪያው ሰዓት ሥራ ግን ለማንም ቤተሰብ የሚቻል ነው። ኖራ፥ አሲድ ወይም በረኪና የገባበት ዓይን፥ ሽፋኑ ተከፍቶ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውኃ ከሩብ ሰዓት ላላነሰ ጊዜ ይታጠባል፤ ሐኪም ፍለጋ የሚኬደው ከዚያ በኋላ ነው። የተወጋ ወይም የተቀደደ ዓይን ግን አይታጠብም፥ አይታሽም፥ ቅባትም አይደረግበትም፤ የተሰካበት ነገር ቢኖር አይነቀልም። የወረቀት ኩባያ ቂጥ ወይም ይህን የመሰለ ንጹሕ ክዳን ዓይኑን ሳይነካ በአጥንቱ ዙሪያ ይደገፍና ልጁ በፍጥነት የዓይን ሐኪም ወዳለበት ይወሰዳል። ማደንዘዣ ሊያስፈልገው ስለሚችል ምግብ አይሰጠው። ጤና ጣቢያውም የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱን ማጣራት ይገባዋል።

ቁስሉ ዳነ ተብሎም ክትትሉ አይቋረጥም። የትንሽ ልጅ አእምሮ ማየትን ገና በመማር ላይ ስለሆነ፥ ብዥ ብሎ የቆየ ዓይን ከቁስሉ ቢድንም ሰንፎ ሊቀር ይችላል። አልፎ አልፎም፥ የሰውነት የመከላከያ ኃይል ከተወጋው ዓይን ተነሥቶ ጤነኛውን የሚያጠቃበት ጊዜ አለ፤ ብሬልንም ያገኘው ይኸው ሳይሆን አይቀርም ይባላል።

እንግዲህ የባለሙያው ምክር ከመድኃኒቱ በፊት ከእናትና ከአባት መጀመር አለበት። ወስፌው ከፍ ብሎ ይሰቀል፤ በረኪናው በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ አይቀመጥ። ከሁሉም በላይ ልጁ ዓይኑን ሲመታ ሮጦ እንዲናገር፥ በመናገሩም እንደማይገረፍ አስቀድሞ ይወቅ። ወላጅ ልጁን እንደ ዓይኑ ብሌን እጠብቃለሁ ሲል፥ የልጁም ብሌን በዚያ ቃል ውስጥ መኖሩን ማስታወስ ይገባዋል።