የፀሐይ መብራትን እንደ ማዳበሪያው በኅብረት እንግዛ

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ ለተሰበሰበው ጉባኤ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተወካዮች፣
የተከበራችሁ የወረዳና የቀበሌ የሥራ ኃላፊዎች፣
ክቡራትና ክቡራን፤



በዛሬው ዕለት ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ምርት ግብይት ብዙ ተነግሯል። እኔ የማነሣው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በአባሎቻችን ቤት ውስጥ ያለውን ሁኔታ ነው። ጥያቄዬ አጭር ነው፤ ማዳበሪያን በጋራ የገዛ ዩኒየን መብራትን በጋራ ለመግዛት ምን ያግደዋል?

እንደሚታወቀው በ2010 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት መርሐ ግብር በ2011 ዓ.ም. ሲሻሻል፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ድረስ ሁሉንም ቤተሰብ የመብራት ተጠቃሚ ለማድረግ አቅዶ ነበር። ከዚህም ውስጥ 65 በመቶው ከዋናው መስመር፣ 35 በመቶው ደግሞ በፀሐይ ኃይልና በመሳሰሉት ከመስመር ውጭ ባሉ አማራጮች እንዲዳረስ ታስቦ ነበር። የተባለው ዓመት አልፏል። ዛሬም በርካታ የገጠር ቤተሰቦች በኩራዝና በእጅ ባትሪ ያመሻሉ። መስመር የደረሰላቸውም ቢሆኑ መብራት ሲጠፋ ወደዚያው ወደ ኩራዙ ይመለሳሉ።

ኩራዝ ርካሽ የሚመስለው ወጪው በጥቂት በጥቂቱ ስለሚወጣ ነው። ለምሳሌ አንድ ቤተሰብ ለነጭ ጋዝ፣ ለባትሪ ድንጋይና ለስልክ ቻርጅ ማስደረጊያ በቀን 10 ብር ቢያወጣ በዓመት 3,650 ብር ይሆናል። ከዚህ ወጪ ለሚቀጥለው ዓመት የሚተርፍ አንዳች ንብረት የለም። እያንዳንዱ አባል የራሱን ቤት ወጪ በዚሁ መንገድ ቢያሰላ የሚያገኘው ድምር ሊያስደንቀው ይችላል።

ጉዳቱ በኪስ ብቻ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ በክር በሚነድ ኩራዝ ከሚቃጠለው ነጭ ጋዝ ውስጥ ከ7 እስከ 9 በመቶው ወደ ጥቀርሻነት ይለወጣል። ይህን ጥቀርሻ የሚተነፍሱት በማታ ሥራ የሚያመሹት እናቶችና ለማጥናት ወደ ኩራዙ ተጠግተው የሚቀመጡት ልጆች ናቸው። በለስላሳ ጠርሙስ የተቀመጠ ነጭ ጋዝ ውኃ መስሏቸው የሚጠጡ ሕፃናት አሉ፤ ኩራዝ ተገልብጦ የሣር ቤት ሲያቃጥልም እናውቃለን። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ ነጭ ጋዝን በቤት ውስጥ መጠቀም እንደማይመከር ገልጿል።

ክቡራትና ክቡራን፤

ፀሐይ በአገራችን የማትነጥፍ ሀብት ናት። ባለ 5 ዋት የሆነ አነስተኛ የፀሐይ ሰሌዳ ጥሩ ፀሐይ ለ5 ሰዓት ቢያገኝ 25 ዋት ሰዓት ኃይል ያመነጫል። ከዚህ ውስጥ በባትሪና በሽቦ የሚባክነው አንድ ሦስተኛው ነው ብንል፣ 16 ዋት ሰዓት ያህል ይቀራል። ይህም ባለ 2 ዋት ሁለት የኤል.ኢ.ዲ. አምፖሎችን ለ4 ሰዓት ያበራል፤ አንዱ ለማድ ቤት፣ ሌላው ለልጆች ጥናት መሆኑ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ደመና ሲበዛ የሚገኘው ኃይል ስለሚቀንስ አንዱን ብቻ ማብራት ሊያስፈልግ ይችላል። ይህንን ለገዢው አስቀድሞ መንገር ተገቢ ነው።

ታዲያ ብዙ አባላት «ሶላር አይበረክትም» የሚሉት ስለምንድን ነው? ከገበያ ተገዝቶ በጥቂት ወራት ውስጥ የጠፋ መብራት በየቤቱ ስላለ ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ የሚበላሹት በባትሪያቸው ደካማነት ነው። የፀሐይ ሰሌዳው በአግባቡ ከተያዘ 20 ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለግላል፤ ቶሎ የሚደክመው ባትሪው ነው። ገዢው ግን ባትሪውን ከፍቶ ማየት አይችልም፤ ሲበላሽበትም ሻጩን አያገኘውም። አንድ ገበሬ አንድ መብራት ይዞ ከነጋዴ ጋር ሊከራከር አቅም የለውም። አንድ ሺህ መብራት የሚገዛ ዩኒየን ግን አቅም አለው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለዚህ ነው።

የጥራት መመዘኛም አለ። የዓለም ባንክና ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን እ.ኤ.አ. በ2007 ላይቲንግ አፍሪካ የተባለውን ፕሮግራም ከጀመሩ በኋላ፣ አነስተኛ የፀሐይ መብራቶች በቤተ ሙከራ የሚፈተሹበት ሥርዓት ተዘርግቷል። ይኸው የፍተሻ ሥራ ከ2020 ጀምሮ ቬራሶል በሚል ስም ይካሄዳል። በዚህ መመዘኛ ያለፈ አነስተኛ መብራት ቢያንስ የ1 ዓመት፣ ከፍ ያለው የቤት ውስጥ ሶላር ደግሞ የ2 ዓመት ዋስትና ሊኖረው ይገባል። የግዢ ኮሚቴያችን ይህን ማረጋገጫ ያላቀረበ አቅራቢን ከጨረታ ሊያስወጣ ይችላል።

ከሌሎች ተሞክሮም ሁለቱን ላንሣ። የመጀመሪያው በሰሜን ሸዋ የምትገኘው የሬማ ተሞክሮ ነው። በዚያች የገጠር ከተማና በአካባቢዋ ከ2,000 በላይ ቤቶች የፀሐይ መብራት ሲገባላቸው፣ የአካባቢው ወጣቶች ለተከላና ለጥገና ሠልጥነዋል፤ ተጠቃሚውም በየወሩ ለጥገና የሚውል መዋጮ እንዲከፍል ተደርጓል። ሁለተኛው የባንግላዴሽ ተሞክሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው ፕሮግራም ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤቶች በየጊዜው በሚከፈል ብድር የፀሐይ መብራት አግኝተዋል። በኋላ ግን ዋናው መስመር በፍጥነት ሲስፋፋና በዚያው አካባቢ በነፃ የሚታደል ሶላር ሲመጣ፣ ብዙዎች ብድራቸውን መክፈል አቆሙ፤ ሥራውም ተዳከመ። ከሬማ የምንማረው ጠጋኝ በቅርብ መኖር እንዳለበት ነው። ከባንግላዴሽ የምንማረው ደግሞ ብድርና ዕደላ በአንድ ቀበሌ ውስጥ ሳይቀናጁ ከሄዱ ብድሩ እንደሚጎዳ ነው።

በዚህ መሠረት ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ከግዢ በፊት እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር የፈላጊ አባላትን ዝርዝር ከነቅድመ ክፍያቸው ያሰባስብ። ያልተጠየቀ ዕቃ ገዝቶ መጋዘን ማጨናነቅ አያስፈልግም።

ሁለተኛ፣ ከአቅራቢው ጋር በሚደረገው ውል ከጠቅላላ ዋጋው 10 በመቶው የዋስትናው ጊዜ እስኪያልቅ ድረስ በዩኒየኑ እጅ ይቆይ። የተበላሸውን የማይለውጥ አቅራቢ ከዚህ ገንዘብ ይቀጣ።

ሦስተኛ፣ አባሉ አንድ ሦስተኛውን በቅድሚያ ከፍሎ ቀሪውን በሁለት የመኸር ወቅቶች በገንዘብ ቁጠባና ብድር ማኅበራት በኩል ይክፈል። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ አባሉ ሳያውቅ ከምርቱ ዋጋ ላይ አንድም ሳንቲም አይቀነስ። ለመብራት የሚሰጠው ብድር ጣሪያ ይኑረው፤ ለማዳበሪያ የተያዘው ገንዘብ ከቶ አይነካ። ብድሩ ሳይመለስ ቀርቶ የማዳበሪያ ግዢ ቢጓደል፣ የአንድ ዓመት መብራት የአንድ ዓመት ምርት አሳጣን ማለት ነው።

አራተኛ፣ በእያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር ሁለት ወጣቶች፣ አንዷ ሴት ሆና፣ በጥገና ይሠልጥኑ። ባትሪ፣ አምፖልና ማብሪያ ማጥፊያም እንደ ሌላው ግብዓት በማኅበሩ መጋዘን ይቀመጡ። ያረጀ ባትሪ ማሳ ላይ ወይም ወንዝ ውስጥ ሳይጣል ወደ መጋዘኑ ይመለስ።

«መብራት ሊገባልን ስለሆነ ለምን እንከስራለን?» የሚሉ አባላት አሉ። ስጋታቸው ተገቢ ነው። ስለሆነም መስመር በቅርቡ ይገባል ተብሎ በሚጠበቅበት ቀበሌ ትንሹን መብራት ብቻ እናቅርብ፤ እርሱ መስመሩ ከገባም በኋላ መብራት ሲጠፋ ያገለግላል። «በነፃ ይሰጠን» ለሚሉትም መልስ አለን። መክፈል ፈጽሞ የማይችሉ አባላት እንዳሉ እናውቃለን። የእነርሱ ስም በቀበሌው ጉባኤ ፊት በግልጽ ተነቦ ሲጸድቅ፣ ዩኒየኑ ለማኅበራዊ አገልግሎት ከሚመድበው ገንዘብ ሊረዱ ይችላሉ። የሚችለው ይክፈል፤ የማይችለውን በይፋ እንርዳው።

የወረዳና የቀበሌ ኃላፊዎቻችን ሁለት ነገር እንድታደርጉልን እጠይቃለሁ። መስመር መቼ የት እንደሚዘረጋ ያላችሁን መረጃ ሳትደብቁ ስጡን። በዚህ አካባቢ በነፃ ሶላር ሊያድል የሚመጣ አካል ካለም አስቀድሞ ከእኛ ጋር እንዲመክር አድርጉ።

የተከበራችሁ አባላት፤

ኅብረት ሥራ ማኅበር በአዋጅ ቁጥር 985/2009 የታወቀ የአባላቱ ተቋም ነው፤ የሚገዛውን የሚወስነው አባሉ ነው። ስለዚህ ይህ ሐሳብ በጭብጨባ ብቻ እንዲያልፍ አልፈልግም። ወደየማኅበራችሁ ወስዳችሁ ተወያዩበት፤ በተለይ ሴቶች አባላት ይናገሩበት፤ በኩራዝ የሚያመሹት በይበልጥ እነርሱ ናቸውና። የምትስማሙበትን፣ የማትስማሙበትንና የፈላጊዎችን ቁጥር ይዛችሁ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ኑ። ያን ጊዜ በቁጥር እንወስናለን።