ስለ ቤት ብድር፣ ስለ ክሬዲት ነጥብና ስለ ቤት ግብር ቅናሽ

(በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ በአካባቢያችን ነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተሰጠ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙት እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። ዓመተ ምሕረቱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)



ከሥራ መልስ ሳታርፉ፣ አንዳንዶቻችሁም የሌሊት ፈረቃችሁን ለውጣችሁ ስለመጣችሁ በሥራ አመራር ኮሚቴው ስም እናመሰግናለን።

ባለፉት ጥቂት ወራት ሁለት ዓይነት ጥያቄ ይዞ ወደ ጽሕፈት ቤታችን የሚመጣ ሰው በዝቷል። አንደኛው ወገን ገና ተከራይ ነው፤ «ቤት ግዙ፣ ታክሱ ተመልሶ ይመጣላችኋል» ተብሎ የተነገረው ነው። ሁለተኛው ወገን ቤት ከገዛ ብዙ ዘመኑ ነው፤ የቤቱ ግብር ከዓመት ዓመት ሲጨምር ግራ የገባው ነው። እኛ የሕግም የሒሳብም ሊቆች አይደለንም። ቢሆንም ወረቀቱን አገላብጠን፣ የሚያውቁትን ጠይቀን የደረስንበትን እንነግራችኋለን። አሳባችንም ይኸው ነው፤ ታክስ ይመለሳል ብሎ ቤት መግዛት ለአብዛኞቻችን አያዋጣም። ገንዘባችንን የሚያድኑልን ከመግዛት በፊት የክሬዲት ነጥብን ማስተካከልና ከገዙ በኋላ ስቴቱ የሚሰጠውን ቅናሽ ፎርም ሞልቶ መጠየቅ ናቸው።

እስቲ ከታክሱ እንጀምር። የቤት ብድር ወለድ ከፌዴራል ታክስ ሒሳብ ላይ ይቀነሳል የሚባለው እውነት ነው። እስከ 750,000 ዶላር ለሚደርስ ብድር የተከፈለ ወለድ ይቆጠራል። ይሁን እንጂ «ይቀነሳል» ማለትና «ይመለሳል» ማለት ለየቅል ናቸው። መንግሥት ለማንኛውም ታክስ ከፋይ፣ ቤት ይኑረው አይኑረው፣ ስታንዳርድ ዲዳክሽን የሚባል ታክስ የማይከፈልበት ገንዘብ ከገቢው ላይ ይተውለታል። ይኸውም ለ2025 የታክስ ዓመት አብረው ለሚያስገቡ ባልና ሚስት 31,500፣ ላላገባ ሰው 15,750 ዶላር ነው። የቤቱ ወለድና የስቴቱ ታክስ ተደምሮ ከዚህ ካልበለጠ ምንም አይጠቅምም። ቢበልጥም የሚጠቅመው የበለጠው ብቻ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። በዓመት 110,000 ዶላር የሚያገኙ ባልና ሚስት 400,000 ዶላር በ6.5 በመቶ ወለድ ለ30 ዓመት ተበደሩ እንበል። በመጀመሪያው ዓመት የሚከፍሉት ወለድ 25,800 ዶላር ገደማ ነው። የቤት ግብራቸውን 5,000፣ የሜሪላንድና የካውንቲውን የገቢ ታክስ 7,500 ብንል ድምሩ 38,300 ይሆናል። ከዚህ ላይ 31,500 ሲነሣ 6,800 ይቀራል። እነዚህ ሰዎች ያሉበት የታክስ እርከን 12 በመቶ ነውና ቤት በመግዛታቸው ከፌዴራል ታክስ የተረፋቸው 816 ዶላር ነው። 25,800 ከፍሎ 816! እንጠላዋለን ማለት አይደለም፣ ግን ቤት የሚያስገዛ ገንዘብ አይደለም። እሱም ቢሆን የስቴትና የአካባቢ ታክስ ቅነሳው ጣሪያ በ2025 በወጣው ሕግ ከ10,000 ወደ 40,000 ከፍ ስላለላቸው ነው። ወለድ 3 በመቶ አካባቢ በነበረበት በ2020 እና በ2021 የገዙት ጎረቤቶቻችን ደግሞ ወለዳቸው ትንሽ ስለሆነ አብዛኞቹ በዚህ በኩል አንዲት ሳንቲም አያገኙም።

ቤት ሲሸጥ ግን ትልቅ ጥቅም አለ። ከሽያጩ በፊት ካሉት አምስት ዓመታት ውስጥ ቢያንስ ሁለቱን በባለቤትነት የኖረበት ሰው፣ ካተረፈው ላይ እስከ 250,000፣ ባልና ሚስት ከሆኑ እስከ 500,000 ዶላር ድረስ የፌዴራል ታክስ አይከፍልም። ስለዚህ ቤቱን ለማሻሻል ያወጣችሁበትን ደረሰኝ አትጣሉ፤ ትርፉ ሲሰላ ይቆጠርላችኋል።

ደግሞ በየበሩ እያንኳኩ ሶላር የሚሸጡ ልጆች አሉ። «መንግሥት 30 በመቶውን በታክስ ይመልስላችኋል» ካሏችሁ፣ ለራሱ ቤት ገዝቶ ለሚያስገጥም ባለቤት የነበረው ያ የፌዴራል ቅናሽ ከዲሴምበር 31 ቀን 2025 በኋላ ለሚወጣ ወጪ ቀርቷል በሏቸው።

አሁን ወደ ክሬዲት ነጥብ እንምጣ። ባደግንበት አገር ሰው የሚመዘነው በስሙና በዋሱ ነው፤ «የእገሌ ልጅ ነው፣ አይክድም» ይባላል። እዚህ ግን አበዳሪው አያውቀንም። ስለዚህ ስለ እኛ ሦስት ኩባንያዎችን ይጠይቃል፤ ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን ይባላሉ። እነሱ ከያዙት መዝገብ ላይ ከ300 እስከ 850 የሚደርስ ነጥብ ይወጣል። በቤት ብድር በብዛት የሚሠራበት ከ1989 ጀምሮ ያለው ፋይኮ የሚባለው ነው። ከሦስቱ ኩባንያዎች ሦስት ነጥብ ሲመጣ አበዳሪው የሚወስደው መካከለኛውን ነው። ባልና ሚስት አብረው ሲበደሩ በብዙ አበዳሪ ዘንድ ወለዱን የሚወስነው የዝቅተኛው ሰው ነጥብ ነው። ስልካችሁ ላይ በነፃ የምታዩት ነጥብ በሌላ ስሌት የተሠራ ሊሆን ስለሚችል፣ አበዳሪው ሌላ ቁጥር ቢነግራችሁ አትደንግጡ።

ነጥቡ ከምን ይሠራል? ከመቶ 35ቱ ዕዳን በጊዜው መክፈል ነው። 30ው አሁን ያለብን ዕዳ ከተፈቀደልን ጋር ሲተያይ ምን ያህል እንደሆነ ነው። 15ቱ መዝገባችን ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው ነው። የቀረው 20 ለአዲስ ብድርና ለብድሩ ዓይነት እኩል ይካፈላል። እዚህ ውስጥ ደመወዝ የለም። ባንክ ያስቀመጥነውም የለም። ብዙዎቻችን «ዕዳ የለብኝም፣ ሁሉን በካሽ ነው የምከፍለው» እያልን እንኮራለን፤ በአገራችን ደንብ ጨዋነት ነው፤ በዚህ መዝገብ ግን ያ ሰው ከነጭራሹ አይታወቅም። አንድ ክሬዲት ካርድ አውጥቶ፣ ቤንዚን ብቻ እየሞሉበት በየወሩ ሙሉውን መክፈል ይበቃል፤ ወለድም አያስከፍልም።

መክፈያው ቀን በሁለት ሦስት ቀን ቢያልፍ ቅጣት ያስከፍላል እንጂ መዝገብ ላይ አይወጣም። 30 ቀን ካለፈ ግን ይጻፍና ሰባት ዓመት ይቀመጣል። አገር ቤት ለመሄድ ሁለት ወር የምትቆዩ ሰዎች፣ ካርዳችሁ በራሱ እንዲከፈል አድርጋችሁ ሂዱ። የካርዱም ጣሪያ 1,000 ሆኖ 900 ከተጠቀማችሁበት፣ በጊዜው ብትከፍሉም እንኳ መዝገቡ የሚያየው ሒሳቡ በተዘጋበት ቀን የነበረውን ነውና ነጥባችሁ ይወርዳል። ከ30 በመቶ በታች፣ ቢቻል ከ10 በመቶ በታች ይሁን። የድሮ ካርድም አትዝጉ።

ዋስ ስለ መሆን ደግሞ ሳንናገር አናልፍም። የወንድም ልጅ መኪና ሊገዛ ነው፣ ፈርሙልኝ ይላል። እምቢ ማለት ከባድ ነው። ነገር ግን በዋስነት የተፈረመበት ብድር በፈራሚው መዝገብ ላይ እንደ ራሱ ዕዳ ይቀመጣል፤ ልጁ ሲዘገይ የምትዘገዩት እናንተ ናችሁ። ቤት ልትገዙ አሳባችሁ ከሆነ «ቤቱን ከገዛን በኋላ» ብትሉት ዝምድና አይፈርስም።

የስማችን ነገርም አለ። የአባታችን ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ስለሚመዘገብ፣ እህትና ወንድም በአንድ አድራሻ ሲኖሩ የአንዱ ዕዳ በሌላው መዝገብ ገብቶ ይገኛል። ስማችንም በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ አንዱ ጋ በአንድ ኤስ፣ ሌላው ጋ በሁለት ኤስ ይሆናል። በ1970 በወጣው የክሬዲት ሪፖርት ሕግ መሠረት ስሕተት አለ ብላችሁ ስታመለክቱ ኩባንያው አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ መርምሮ መመለስ አለበት። ሪፖርቱን ከሦስቱም ዘንድ በየሳምንቱ በነፃ ማየት ይቻላል። «በ500 ዶላር ክሬዲት እናጸዳለን» ለሚሉት ገንዘባችሁን አትስጡ፤ እውነት የሆነውን መዝገብ ማንም አያጠፋውም፤ ስሕተቱን ደግሞ ራሳችሁ በነፃ ታስነሡታላችሁ።

ይህ ሁሉ ድካም ምን ያስገኛል? ያው የ400,000 ዶላር ብድር በ6.5 በመቶ በወር 2,528 ዶላር ይከፈልበታል። በ7 በመቶ 2,661 ነው። ልዩነቱ በወር 133፣ በዓመት 1,600 ያህል፣ በ30 ዓመት 47,880 ዶላር ነው። ቅድም ካየነው 816 ጋር አስተያዩት። መንግሥት ዋስ የሚሆንበት ኤፍ ኤች ኤ የሚባለው ብድር 580 ነጥብ ላለው ሰው በ3.5 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ ይፈቅዳል፤ ከ500 እስከ 579 ላለው 10 በመቶ ይጠይቃል፤ አበዳሪው ራሱ ከዚህ ከፍ ያለ ነጥብ ሊፈልግም ይችላል። ነጥብ ዝቅ ካለ ስድስት ወር መታገሥ ይሻላል ባዮች ነን። ስትጠይቁም አንድ አበዳሪ ብቻ አትጠይቁ። ሦስት አራቱን በሁለት ሳምንት ውስጥ ብትጠይቁ ነጥቡ እንደ አንድ ጥያቄ ይቆጥረዋል።

ዕቁብ የደረሰው ሰው ገንዘቡን ይዞ ሄዶ ሲከለከል አይተናል። ነገሩ እንዲህ ነው። አበዳሪው የሁለት ወር የባንክ መግለጫ ያያል፤ ድንገት 20,000 ዶላር ካገኘ ከየት መጣ ይላል። ዕቁብ ነው ቢሉት ወረቀት የለውም። ስለዚህ የዕቁቡ ገንዘብ ቤት ከመፈለጋችሁ ከሦስትና ከአራት ወር በፊት ባንክ ገብቶ ይቀመጥ። ዕቁብ ለዓመታት ሳይዛነፍ መክፈልም ነጥብ አይጨምርም፤ ያሳዝናል፣ ግን እንዲህ ነው።

ታክሲና ኡበር የምትነዱ ወንድሞችና እህቶች፣ በታክስ ጊዜ ወጪ አብዝታችሁ ገቢያችሁን ዝቅ ስታደርጉ ታክሱ ይቀንሳል። አበዳሪው ግን የሚያየው ያንኑ ዝቅ ያለውን ገቢ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ዓመቱን። ይህን ከታክስ ሠሪያችሁ ጋር ከሁለት ዓመት በፊት ተነጋገሩበት።

ብድሩ ተፈቅዶ ፊርማው እስኪያልቅ ድረስ ደግሞ ሶፋም ሆነ መኪና በዱቤ አትግዙ። አበዳሪው በመጨረሻው ሳምንት እንደገና ያያል።

አሁን ቤት ላላችሁት። በሜሪላንድ ቤት በየሦስት ዓመቱ ይገመታል፤ ጭማሪውም በሦስት ዓመት ተከፋፍሎ ይገባል። ሆምስቴድ የሚባለው ቅናሽ፣ ባለቤቱ በሚኖርበት ቤት ላይ ግብር የሚከፈልበት ግምት በዓመት ከ10 በመቶ በላይ እንዳይጨምር ያግዳል፤ ካውንቲዎች ከዚያ ዝቅ ሊያደርጉት ይችላሉ። 400,000 የነበረው ቤት 580,000 ተገመተ እንበል። በመጀመሪያው ዓመት ግምቱ 460,000 ይሆናል፤ ሆምስቴድ ያለው ሰው ግን የሚከፍለው በ440,000 ነው። በሦስተኛው ዓመት አንዱ በ580,000፣ ሌላው በ532,400 ይከፍላል። ፎርሙ የሚሞላው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያልሞላ ግን አያገኝም፤ ማንም አንኳኩቶ አይነግረውም። የስቴቱ የግምት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አድራሻችሁን ብታስገቡ ማመልከቻችሁ መጽደቁን ያሳያል። ዛሬ ማታ እዩት።

ለሚገዙትም ማስጠንቀቂያ አለን። ሻጩ የሚያሳያችሁ የግብር ደረሰኝ በሆምስቴድ የቀነሰ ሊሆን ይችላል። ቤቱ ሲሸጥ ያ ቅናሽ ለእናንተ አይተላለፍም። ግብሩ ከወርኃዊ ክፍያችሁ ጋር ተደምሮ ኤስክሮው በሚባለው ውስጥ ስለሚሰበሰብ፣ በሁለተኛው ዓመት ክፍያው ድንገት ከፍ ይልባችኋል። የስም ማዛወሪያው የስቴት ታክስ ግን ቤት ኖሮት ለማያውቅ ሜሪላንድ ውስጥ ለሚገዛና ራሱ ለሚኖርበት ከ0.5 ወደ 0.25 በመቶ ይወርዳል፤ እሱንም ሻጩ ይከፍላል። የካውንቲው ለብቻ ነው።

ሁለተኛው ቅናሽ የሚመለከተው በተለይ ጡረተኞቻችንን ነው። የቤተሰቡ ጠቅላላ ገቢ ከ60,000 ዶላር ያልበለጠ፣ ከቤቱና ከጡረታ ቁጠባው ውጭ ያለው ሀብት ከ200,000 የማይደርስ ባለቤት፣ ግብሩ ከገቢው ጋር ተመዝኖ ይቀነስለታል። ለምሳሌ ገቢዋ 30,000 የሆነ እናት ሊከፍሉ የሚገባው 1,680 ዶላር ነው። ግብራቸው 3,300 ከሆነ 1,620ው ይነሣላቸዋል። የሚታሰበው ከቤቱ ግምት እስከ 300,000 ላለው ነው። ይህ ፎርም እንደ ሆምስቴዱ አንድ ጊዜ ተሞልቶ የሚቀር አይደለም፤ በየዓመቱ ከኦክቶበር 1 ቀን በፊት መግባት አለበት። እስከ ኤፕሪል 15 የገባ ከሐምሌው ደረሰኝ ላይ ተቀንሶ ይመጣል። አንዲት እናታችን ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ግብሩን ከልጆቻቸው እየተበደሩ ሲከፍሉ ኖረዋል፤ ይህ ቅናሽ መኖሩን የሰሙት በቀብር ቤት ጨዋታ ላይ ነው። ያልተከፈለ የቤት ግብር ቀልድ አይደለም፤ ካውንቲው ዕዳውን በጨረታ ይሸጠዋል፤ መጨረሻው ቤትን እስከ ማጣት ይደርሳል።

ግምቱ በዝቷል የምትሉ ደግሞ ማስታወቂያው ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ 45 ቀን አላችሁ። ደብዳቤው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በዲሴምበር መጨረሻ ነው፤ ከበዓል ካርድ ጋር ተቀላቅሎ እንዳይጣል።

የሁለቱም ቅናሽ ፎርም በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይገኛል። እንግሊዝኛ የሚከብዳቸው ሽማግሌዎችና እናቶች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቢመጡ አብረናቸው እንሞላለን። የመጨረሻውን የታክስ ወረቀት፣ የሶሻል ሴኩሪቲ የዓመቱን መግለጫና የቤቱን ግብር ደረሰኝ ያምጡ። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ያለበትን ወረቀት ግን በበሩ ሥር አታስገቡልን፤ በእጃችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ይዛችሁም ተመለሱ።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት