የአዋሽ ውሃና የሚጠጡት ሁሉ



በክፍል ስለ ውሃ ስናስተምር ዝናብ እንዴት እንደሚዘንብ፥ ወንዝ ከወዴት እንደሚመነጭ እንናገራለን። ውሃው ለማን በቅድሚያ እንዲደርስ የሚወስነውን ሕግ ግን ከትምህርቱ ውጭ እንተወዋለን። ስለዚሁ ሕግ ጥቂት እናገር ዘንድ ፈቃዳችሁ ይሁን።

አዋሽ ከሸዋ ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ፥ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ ያበቃል። ስለዚህ ከላይ ብዙ የተጠለፈ እንደ ሆነ ከታች ላለው ይጎድላል። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ተሠራ፤ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1954 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በወንዙ ዳርም የጥጥና የሸንኮራ አገዳ እርሻ ተስፋፋ። ልማቱ ለብዙ ሰው እንጀራ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን እርሻው ከያዘው መሬት ብዙው የአፋር አርብቶ አደር በበጋ ከብቱን የሚያሰማራበት ነበረ። በ1965 ዓ.ም. ድርቅ በበረታ ጊዜ የመንጋው መሸሻ ጠብቦ ተገኘ።

ክልሎችን የሚያገናኙ ወንዞችን አጠቃቀም የመወሰን ሥልጣን በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ለፌዴራል መንግሥት ተሰጥቷል። ይኸው ሕገ መንግሥት አርብቶ አደሩ የግጦሽ መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት እንዳለው ይናገራል። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992ም ለቤት የሚውለውን ውሃ ከሌላው ሁሉ ያስቀድማል። ሰፊ እርሻ ውሃ ለመጥለፍ ፈቃድ ማውጣት ይገባዋል፤ በባህላዊ መስኖ የሚያለማና በባህላዊ መንገድ ከብት የሚያረባ ግን ፈቃድ አይጠየቅም።

ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሁለት ፊት አለው። ባለፈቃዱ መብቱን በወረቀት ይዟል፤ ፈቃድ የማይጠየቀው ግን ውሃው ሲጎድል የሚያሳየው ሰነድ የለውም። ደግሞም ከብት የሚሻው ውሃ ብቻ አይደለም፤ ወደ ውሃው የሚያደርሰውን መንገድና በዳሩ የበቀለውን ሣር ጭምር ነው እንጂ። መንገዱ በቦይና በአጥር ከተዘጋ መብቱ ስም ብቻ ሆኖ ይቀራል።

እንግዲህ የእኛ ድርሻ ምንድር ነው? የአዳማና የአሳይታ ልጆች ከአንድ ወንዝ የሚጠጡ መሆናቸውን እናስረዳቸው። አዋሽን በካርታ ስናሳያቸው ከላይ የሚጠልፈው ማን፥ ከታች የሚጠብቀው ማን እንደ ሆነ እንጠይቃቸው። መብቱን ያላወቀ ሲነጠቅ አይሟገትም፤ የጎረቤቱን መብት ያላወቀም ሲነጥቅ አይሰማውም። ስለዚህ በየትምህርት ቤታችን የአዋጁ ቅጂ ተገኝቶ፥ ከሥነ ዜጋ ትምህርት ጋር ልጆቹ በሚገባቸው ቋንቋ እንዲነበብላቸው አሳስባለሁ።