ፊት ከሙሾ ሲወጣ

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በተማሪዎች፥ በመምህራንና በወላጆች ፊት የተደረገ ንግግር



በዚህ የበዓል ቀን እንድናገር የተሰጠኝ ርእስ “ሥዕልና ግጥም” የሚል ነው። ርእሱ እጅግ ሰፊ በመሆኑ፥ በተወሰነልኝ ጊዜ ውስጥ ሁሉን ልዘርዝር ብል አንዱንም ሳልጨርስ ደወል ይደወልብኛል። ስለዚህ በእጄ ከሠራሁት ነገር ብቻ ብናገር ይሻላል ብዬ፥ በቤተ መጻሕፍታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ስለምታዩት ስለ አንድ ወጣት ገበሬ ምስል ላጫውታችሁ መጥቻለሁ። ይህ ምስል በሸራና በዘይት ቀለም የተሣለ አይደለም፤ በታብሌት ላይ በኤሌክትሮኒክ ብዕር የተሣለ ነው። መነሻውም ፎቶግራፍ ወይም በፊቴ የተቀመጠ ሰው ሳይሆን ግጥም ነው። ብዙዎቻችሁ “ያላየሽውን ሰው ፊት በምን አውቀሽ ሣልሽው?” ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን አጭር አይደለም።

በመጀመሪያ፥ ከግጥም ሥዕል ማውጣት የኔ ፈጠራ እንዳልሆነ ልናገር። እንግሊዛዊው ዳንቴ ገብርኤል ሮሴቲ ባለቅኔም ሠዓሊም ስለ ነበረ፥ በወጣትነቱ ጽፎ በ1850 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን አንድ ግጥም ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ራሱ በቀለም ሥሎታል። ጓደኛው ጆን ኤቨረት ሚሌይም በ1851 እ.ኤ.አ. “ማሪያና” የተባለችውን ሴት ከቴኒሰን ግጥም አውጥቶ ሣላት። ግጥሙ የሴትዮዋን መሰልቸትና ድካም እየደጋገመ ይናገራል፤ ሠዓሊው ግን ድካምን መሣል ስለማይቻል፥ ከጥልፍ ሥራዋ ብድግ ብላ ወገቧን የምታፍታታ ሴት አደረጋት። ይህን ሥዕል በመጽሐፍ ውስጥ ካየሁ ወዲህ ከአእምሮዬ አልጠፋም። ቃሉን ወደ ሰውነት መመለስ ማለት ይህ ነው። በኛም አገር ገብረ ክርስቶስ ደስታ (1932–1981 እ.ኤ.አ.) ብሩሽም ብዕርም የያዘ ሰው ነበር፤ ግጥሞቹም ከሞተ በኋላ በ1998 ዓ.ም. “መንገድ ስጡኝ ሰፊ” በሚል ስም በመጽሐፍ ታትመዋል።

በኮምፒዩተር መሣልም ቢሆን ብዙ ሰው እንደሚያስበው የትናንት ነገር አይደለም። በ1963 እ.ኤ.አ. አይቫን ሳዘርላንድ የተባለ ወጣት ተመራማሪ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በብርሃን ብዕር በኮምፒዩተር መስታወት ላይ መሥመር የሚያሰምር ፕሮግራም ሠርቶ አሳየ። በሐምሌ 1985 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሠዓሊው አንዲ ዋርሆል በኒው ዮርክ ከተማ በሕዝብ ፊት ተቀምጦ፥ የዘፋኟን የዴቢ ሃሪን ፊት በካሜራ ወደ አሚጋ ኮምፒዩተር አስገብቶ ቀለም ቀባው። እርሱ ግን ዘፋኟ ከጎኑ ተቀምጣለት ነበር። ለኔ የተቀመጠልኝ ሰው አልነበረም።

የምስሉ ባለቤት የአያቴ ታላቅ ወንድም ነው። ተወልዶ ያደገው በጎጃም በብቸና አካባቢ ሲሆን፥ በ1969 ዓ.ም. ከየገጠሩ ከተሰበሰቡት የሚሊሺያ ገበሬዎች ጋር በታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ ወደ ኦጋዴን ጦርነት ዘመተ። ጦርነቱ በመጋቢት 1970 ዓ.ም. ሲያበቃ እርሱ አልተመለሰም። መቃብሩን የሚያውቅ ሰው የለም፤ ፎቶግራፍም ተነሥቶ አያውቅም። ስለዚህ በአገሩ ልማድ ልብሱ ወጥቶ በልብሱ ተለቀሰለት። በዚያ ለቅሶ ላይ እናቱ፥ ማለት የኔ ቅድመ አያት፥ ሙሾ ገጠሙለት። ዛሬ የምነግራችሁ ግጥም ያ ሙሾ ነው።

አያቴን በቤታችን እናና እንላቸዋለን። በዚያ ዓመት የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። ባለፈው ክረምት “የወንድምዎ መልክ ምን ይመስል ነበር?” ብዬ ስጠይቃቸው፥ ብዙ ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ “ልጄ፥ ፊቱ ጠፍቶብኛል፤ የእናቴ ሙሾ ግን አንድም ቃል አልጠፋብኝም” አሉኝ። እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ሆኖ ተገኘ፤ የዓይን ትዝታ እየደበዘዘ ሲሄድ የጆሮ ትዝታ ቀርቷል። ሦስት ማታ ከእሳት ዳር ተቀምጠን እርሳቸው እያሉ እኔ ስጽፍ 22 ስንኝ ሆነ። ከዚያ በፊት በወረቀት ሰፍሮ አያውቅም ነበር።

ስንኞቹን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን ደጋግሜ ሳነባቸው ከግማሽ የሚበልጡት ስለ ማንኛውም ጀግና ሊባሉ የሚችሉ ሆነው አገኘኋቸው። ለቅሶ ቤት የዋለ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ የሟች ጥርስ ወተት ነው፥ ዓይኑ የአጥቢያ ኮከብ ነው፥ ቁመቱም ዝግባ ነው። ይህ ለሟቹ የሚሰጥ ክብር ስለሆነ አልነቅፈውም። ይሁን እንጂ ዝግባ ብሥል ዝግባ ይወጣል እንጂ ሰው አይወጣም። ስለዚህ በቀይ እስክሪብቶ ከየስንኙ ሥር እያሰመርኩ፥ ለሌላ ሰው ሊባል የማይችለውን ብቻ ለየሁ። አራት ነገር ቀረልኝ። አንደኛው በግራ ቅንድቡ ላይ በሬ የወጋው ጠባሳ ነው። ሌላው፥ ጋቢው ከግራ ትከሻው ላይ ዘወትር የሚንሸራተት መሆኑ ነው፤ እናቱ “ማን ይመልስልህ ይሆን?” የሚል ሐሳብ ገጥመውበታል። ደግሞም ሰው ሲጠይቀው አንገቱን ሰበር አድርጎ ቆይቶ ነው የሚመልሰው። በመጨረሻም ለዘመቻ የተጠራው ከእርሻ ላይ ጅራፉን በአንገቱ እንዳንጠለጠለ ነው። እነዚህ አራት ነገሮች የፊት ቅርፅ አይናገሩም፤ ነገር ግን እናቱ ከብዙ ነገር መካከል የመረጧቸው ናቸው። እናት የምትመርጠውን ነገር ሠዓሊ ችላ ቢል ተገቢ አይመስለኝም።

አንገቱን የሰበረ ሰው ለመሣል መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ከጎን መሣል ነበር፤ አፍንጫና አገጭ በአንድ መሥመር ስለሚወጡ ሥራውም ይቀልላል። የመጀመሪያውን ንድፍ ለእናና ሳሳያቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ። “አንድ ዓይን ብቻ? ወንድሜን እንደ ይሁዳ ልትሥዪው ነው?” አሉኝ። ነገሩ እውነት ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ቅዱሳን በሁለት ዓይን ፊት ለፊት ሲሣሉ፥ ክፉዎች በአንድ ዓይን ከጎን ይሣላሉ። በነዚያ ግድግዳዎች ሥር ያደገ ሰው የጎን ፊትን ሲያይ ፍርድ ያይበታል። ስለዚህ ፊቱን ከጎንና ከፊት መካከል አድርጌ፥ አንገቱ ዝቅ ብሎ ሁለቱም ዓይኖቹ እንዲታዩ አዞርኩት። ይህ አቀማመጥ ለጀማሪ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ራስ ዝቅ ሲል ግንባር ይረዝማል፥ አገጭ ያጥራል፥ ጆሮም ከዓይን ከፍ ብሎ ይታያል። የሥዕል መጽሐፍ ዓይን በራስ ቁመት መካከል ላይ ነው ብሎ የሚያስተምረው ደንብ ቀጥ ብሎ ለሚያይ ሰው ብቻ ነው።

ስለ አሠራሩ ጥቂት ልናገር፤ የሒሳብ ክበብ አባሎች ይህን ይወዱታል። የተጠቀምኩበት ፕሮግራም ክሪታ የሚባል፥ ገንዘብ የማይከፈልበት ነው። ሥዕሉ በ30 በ40 ሳንቲ ሜትር ወረቀት ላይ እንዲታተም በማሰብ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሲሰላ 3543 በ4724 ነጥብ፥ ማለት በጠቅላላው 16.7 ሚሊዮን ያህል ነጥብ ይሆናል። የሚገርመው፥ ኮምፒዩተሩ ቀይ፥ አረንጓዴና ሰማያዊን በየ256 ደረጃ እየቀላቀለ የሚያወጣው የቀለም ቍጥርም 16,777,216 ነው። እንግዲህ ለእያንዳንዱ ነጥብ የራሱን ልዩ ቀለም ብሰጠው እንኳ ቀለሙ አያልቅብኝም ነበር። ይህ ሁሉ ሀብት ቢኖርም የጠይም ፊት ቀለም አገኝ ብዬ አንድ ሙሉ ሳምንት ደክሜአለሁ።

ብዙ ጀማሪ ጠይም ፊት ሲሥል ጥላውን በጥቁር ያጨልመዋል፤ ያን ጊዜ ፊቱ አመድ ይመስላል። የጠይም ፊት ጥላ ጥልቅ ቀይና ወይን ጠጅ አለበት፤ በጉንጭና በግንባር ላይ የሚያርፈው ብርሃን ደግሞ ከሰማይ የመጣ ስለሆነ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ዋናውን ቀለም ያገኘሁት ግን ከእናና ነው። “እንደ ተቆላ ገብስ ነበር፤ ያልበሰለም ያላረረም” ስላሉኝ፥ ከቆሎው አንድ እፍኝ በነጭ ሳሕን አድርጌ ከታብሌቱ ጎን አስቀመጥኩና ቀለሙን ከፍሬው ጋር አስተያየሁ። ከዚያ በኋላ ሳሕኑን ወንድሜ በላው።

በታብሌት መሣል ከሸራ የሚለይበት ትልቁ ነገር ንብብሩ ነው፤ ሠራተኞቹ ሌየር ይሉታል። በመስታወት ላይ መስታወት እንደ መደራረብ ማለት ነው። በአንዱ ላይ ንድፉ፥ በሌላው ቆዳው፥ በሌላው ጋቢው ይሣላል፤ አንዱን ብትደመስሱ ሌላው አይነካም። ይህ ለኔ እጅግ ጠቀመኝ፤ ምክንያቱም ግጥሙ ስለ አፍንጫው አንድም ቃል አይናገርም። የእናናን፥ የእናቴንና የአጎቴን አፍንጫ አጥንቼ አራት ዓይነት አፍንጫ በአራት ንብብር ላይ ሠራሁ። እናና አንዱን እያሳየሁ ሌላውን ስሰውርባቸው፥ እንደ ገበያ ዕቃ እያገላበጡ “ይህስ አይደለም፤ ይህም አይደለም” አሉ። በሦስተኛው ላይ ዝም አሉ። እኔም ያንን ያዝኩ።

አሁን ወደ አንድ ክርክር እመጣለሁ። አንድ የክፍል ጓደኛዬ “ይህን ሁሉ ከምትደክሚ ግጥሙን ለአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ለምን አትሰጪውም?” አለኝ። እንደምታውቁት ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ቃል ሲጻፍላቸው ሥዕል የሚያወጡ ፕሮግራሞች በየሰው እጅ ገብተዋል። እርሱም የሙሾውን ሐሳብ በእንግሊዝኛ ጽፎ አስገባና፥ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ አንድ መልከ መልካም ወጣት ጋቢ ለብሶ ወጣ። ጠባሳው እንኳ በቦታው ነበር። እውነቱን ለመናገር፥ ከኔ ሥዕል ያ ያምር ነበር። ጓደኛዬም “አንቺም አላየሽውም፥ ማሽኑም አላየውም፤ ልዩነታችሁ ምንድን ነው?” ብሎ ጠየቀ። ይህ ክርክር በቀላሉ የሚመለስ አይደለም፤ ሌሊት ሳስብበት አድሬአለሁ።

ያገኘሁት መልስ ይህ ነው። ማሽኑ ፊቱን የሠራው ቀድሞ ከተማረባቸው እጅግ ብዙ የሌሎች ሰዎች ሥዕሎችና ፎቶግራፎች ነው፤ “ጋቢ የለበሰ ወጣት” ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚታየውን አወጣ። ይህም ሙሾው ውስጥ እንዳሉት የወተት ጥርስና የዝግባ ቁመት ለሁሉም የሚሆን ፊት ነው። እኔ ግን ለእያንዳንዱ መሥመር “ይህን ከየት አመጣሽው?” ተብዬ ብጠየቅ፥ ከዚህ ስንኝ፥ ከዚያ አፍንጫ፥ ከእናና ተግሣጽ ብዬ መልስ አለኝ። የማላውቀውን ቦታም ሆን ብዬ በጥላ ውስጥ ተውኩት፤ የቀኝ ጉንጩ የጨለመው ስለዚህ ነው። ጓደኛዬ እስካሁን አልተስማማም። ነገር ግን የማሽኑን ሥዕል ለእናና እንዲያሳያቸው ስጠይቀው፥ “ይቅር፥ ነውር ነው” አለኝ።

የታተመውን ሥዕል ወደ ቤት ይዤ በሄድኩ ዕለት እናና “እሱ ነው” እንዲሉኝ ተመኝቼ ነበር። አላሉም። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ካዩት በኋላ “አባታችንን ይመስላል” አሉ። እኔ የእርሳቸውን አባት አላየሁም፤ ፎቶግራፋቸውም የለም። ቀጥለውም በጣታቸው እያሳዩ “ጋቢው ትንሽ ይውረድ፤ እናቴ እንዲህ ቢሆን ዝም አትልም ነበር” አሉኝ። ጋቢው በራሱ ንብብር ላይ ስለነበረ፥ ያንኑ ማታ ሁለት ጣት ያህል አወረድኩት። በቤተ መጻሕፍት ያያችሁት ይኸኛው ነው፤ ከሥሩም 22ቱ ስንኝ በእጅ ጽሑፍ ተጽፏል።

ሥዕሉ ይሰቀል እንጂ ፋይሉ ግን ገና አልተዘጋም። የእናና ታላቅ እኅት በደብረ ማርቆስ ይኖራሉ፤ ወንድማቸው ሲዘምት እርሳቸው ከእናና በዕድሜ ይበልጡ ስለ ነበር መልኩን የተሻለ ሳያስታውሱት አይቀሩም። ለፋሲካ ሲመጡ እንዲያዩት ብዬ ንብብሮቹን አልቀላቀልኳቸውም። ቅንድቡ፥ አፍንጫውና ከንፈሩ ለየብቻቸው እንደ ተቀመጡ ናቸው።