የሒሳብ መዝጊያና የክረምት ሩጫ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዝግጅት ኮሚቴው በዚህ መድረክ ላይ ንግግር እንዳደርግ ሲጠይቀኝ የርእሱን ምርጫ ለእኔ ትቶልኝ ነበር። ስለ ኦዲት ሥነ ምግባርም ሆነ ስለ ግብር ሕግ ከእኔ አብልጠው የሚያውቁ ሰዎች በዚህ አዳራሽ ውስጥ መኖራቸውን ስለማውቅ፣ በእነርሱ ማሳ ገብቼ ማረስ አልፈለግሁም። ስለዚህ ብዙዎቻችሁ በመንገድ ላይ አይታችሁኝ «ሰውየው ምን ነካው?» ስላላችሁበት ነገር፣ ማለትም አንድ የ53 ዓመት የሒሳብ ባለሙያ በሐምሌና በነሐሴ ጎሕ ሳይቀድ ለምን እንደሚሮጥ ልናገር ተነሥቻለሁ።

እንደምታውቁት ክረምት ለብዙው ሰው የዕረፍት ወቅት ነው። ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ፍርድ ቤትም ለዕረፍት ይዘጋል። ለእኛ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ያልቅና የዕቃ ቆጠራው፣ የባንክ ሒሳብ ማስታረቁ፣ የተሰብሳቢና የተከፋይ ሒሳብ ማጣራቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወርድብናል። የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣና ዓለም አቀፉ የሪፖርት አቀራረብ ደረጃ ሥራ ላይ መዋል ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ሸክሙ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ከዚህም የተነሣ የሒሳብ ባለሙያ በዓመቱ ውስጥ ከሁሉ አብዝቶ የሚቀመጥባቸው ወራት፣ ሰማዩም ከሁሉ አብዝቶ የሚዘንብባቸው ወራት ናቸው። ውጭው ጭቃ፣ ውስጡ ወረቀት ነው፤ በመካከሉ ሰውነት ይረሳል።

ይህን የምለው ለቀልድ አይደለም። ከሰባት ዓመት በፊት በነሐሴ ወር አንድ የቅርብ ባልደረባዬ የማስታረቂያ ሰነድ በመፈረም ላይ ሳለ እስክሪብቶው ከእጁ ወደቀ። ሊያነሣው ጎንበስ ሲል የቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው። ደም ግፊት እንዳለበት ያወቀው ከዚያ ቀን በኋላ በሐኪም ቤት አልጋ ላይ ሆኖ ነው። ነፍሱ ተርፋለች፤ ነገር ግን ወደ ሥራው አልተመለሰም። በዚያው ሳምንት እኔም ሄጄ ተለካሁ፤ 158 በ98 ሆኖ ተገኘ። ሐኪሟ ኪኒን ከመጀመሯ በፊት ሦስት ወር ሰጠችኝ፤ ጨው እንድቀንስና በሳምንት አራት ቀን እንድንቀሳቀስ አዘዘችኝ። ቀኑ ነሐሴ አጋማሽ ስለ ነበር፣ ሩጫን የጀመርሁት ወቅት መርጬ አልነበረም ማለት ነው።

ይሁን እንጂ በኋላ ነገሩን ሳጤነው፣ ክረምት ለኢትዮጵያ ሯጭ እንግዳ ወቅት እንዳልሆነ ተረዳሁ። የቀን መቁጠሪያውን እንመልከት። አበበ ቢቂላ በሮም ጎዳና ባዶ እግሩን ሮጦ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእኛ አቈጣጠር በዘመን መለወጫ ዋዜማ ነው። በቶኪዮ የደገመው ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው፤ ማሞ ወልዴ በሜክሲኮ ያሸነፈውም ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ነው። ከእነዚህ ቀኖች በፊት ያሉት ወራት የትኞቹ እንደ ሆኑ መቼም አይጠፋችሁም። የፈረንጆች በጋ የእኛ ክረምት ስለ ሆነ፣ በዚያ ዘመን በማራቶን ያገኘነው ወርቅ ሁሉ ከክረምታችን ማግሥት የመጣ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያስደንቀኝ ግን ወርቁ ሳይሆን አንድ ነሐስ ነው። በ1964 ዓ.ም. የሙኒክ ማራቶን የተካሄደውም እንደ ሮሙ ጳጉሜን 5 ቀን ነበር። ማሞ ወልዴ በዚያ ቀን 40 ዓመት ሞልቶት ሦስተኛ ወጣ፤ የገባበትም ጊዜ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ነው። አበበ በሮም ያሸነፈበት 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ነበር። ከ12 ዓመት በኋላ አንድ የ40 ዓመት ሰው በዚያችው ጳጉሜን 5 ከዚያ ወርቅ በ8 ሰከንድ ፈጥኖ ገብቶ ነሐስ አገኘ ማለት ነው። መንገዱና አየሩ የተለያየ ስለ ሆነ ሁለቱን ሩጫዎች ማመሳከር ትክክል አይደለም የሚለኝ ኦዲተር ይኖራል፤ እቀበላለሁ። ቢሆንም አርባ ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ ይህችን የሒሳብ መስመር ቢያውቃት እወዳለሁ። በቅርቡም ቀነኒሳ በቀለ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በለንደን ማራቶን በ41 ዓመቱ 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ሮጦ ሁለተኛ ሆኗል።

ከእነዚህ ሰዎች ወደ እኔ መውረድ ከተራራ ወደ ጉድጓድ እንደ መውረድ ነው። ሆኖም እኔም የራሴን መዝገብ እይዛለሁ፤ ሙያ ሆኖብኝ ያለ መዝገብ መኖር አይሆንልኝም። በደብተሬ ላይ ቀኑ፣ የአየሩ ጠባይ፣ ርቀቱ፣ ከአልጋ ሳልወርድ የለካሁት የልብ ትርታና፣ ካልሮጥሁ ደግሞ ያልሮጥሁበት ምክንያት በየረድፉ ተጽፈው ይገኛሉ። ያለፈውን ዓመት ሐምሌና ነሐሴ ስዘጋ ይህን አገኘሁ። በ60ው ቀን ውስጥ ለመሮጥ የታቀደው 34 ጊዜ ነበር፤ የተሮጠው 25 ጊዜ ነው። ከቀሩት ዘጠኝ ቀኖች ውስጥ ዝናብ ያስቀረኝ ሁለቱን ብቻ ነው። ሰባቱን ያስቀረኝ በዋዜማው እስከ እኩለ ሌሊት በመሥሪያ ቤት ማምሸቴ ነው። ዝናብን ስንከስ የኖርነው ያለ ሰነድ ነው።

የአዲስ አበባ ዝናብ ደግሞ ሰዎች እንደሚያወሩት አይደለም። በሐምሌና በነሐሴ በእያንዳንዱ ወር ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፤ ይህ እውነት ነው። ግን አብዛኛው የሚወርደው ምድር ሞቃ ደመናው ከተከመረ በኋላ፣ ከቀትር ወዲህና ማምሻውን ነው። ማለዳው ብዙ ጊዜ ጉም ወይም ካፊያ ነው፤ አንዳንዴም እንዳባራ ይነጋል። ስለዚህ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል የወጣ ሰው ደርቆ የመመለስ ዕድሉ ከሥራ በኋላ ልሩጥ ከሚለው ሰው እጅግ የተሻለ ነው። ብርዱም ቢሆን ከስሙ ያነሰ ነው። ውርጭ የሚጥለውና ጣት የሚያደነዝዘው የኅዳርና የታኅሣሥ ንጋት ነው፤ የክረምቱ ማለዳ ወደ 10 ዲግሪ ገደማ ነው። የክረምት ብርድ ጉዳቱ እየሮጡ ሳለ አይደለም፤ ሩጫው አልቆ እርጥብ ልብስ ለብሰው ወሬ ሲጀምሩ ነው። እኔ ደረቅ ሹራብ በላስቲክ ጠቅልዬ እይዛለሁ፤ እንደ ቆምሁ ቀይሬ ወሬውን ከዚያ በኋላ እጀምራለሁ።

የሚከብደው መሬቱ ነው። በከተማችን ቆላማ ወገን ያለው ጥቁር ዋልካ አንዴ ከራሰ ጫማን ይዞ አይለቅም፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ኪሎ ይጨምራል። ወደ ሱሉልታ ያለው ሜዳም በበጋ እጅግ የተመቸ ሆኖ ሳለ በክረምት ውኃ ይቋጥራል። አስፋልቱ አይሰምጥም፤ ነገር ግን ጉልበት ከ50 ዓመት በኋላ አስፋልትን አይወድም፤ በውኃ የተሸፈነ ጉድጓድም ከላይ ሲታይ ከደህናው መንገድ አይለይም። ስለዚህ ለእኔ ሁለት ቦታ ብቻ ይቀራል። አንደኛው ጃን ሜዳ ነው፤ ሣሩ ቢርስም ሥሩ መሬቱን ስለሚይዘው እግር አይሰርግም። ሁለተኛው እንጦጦ ነው።

ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ እስከ እንጦጦ ማርያም የሚወጣ ሰው ከ400 ሜትር በላይ ከፍታ ይወጣል፤ ጫፉ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። በዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሰባ በመቶ ገደማ ብቻ ስለ ሆነ፣ ሳንባ ለዕለት ጉርሱ ሲታገል ይሰማችኋል። ከባሕር ዛፉ ሥር ያለው ቀይ መሬት የረገፈ ቅጠል ስለሚሸፍነው አቀበቱ ሳይሆን ቁልቁለቱ ያንሸራትታል። እኔ ሽቅብ እሮጣለሁ፤ ቁልቁል ግን እራመዳለሁ። ወጣቶቹ በአጠገቤ እንደ ሚዳቋ እየዘለሉ ሲወርዱ አያቸዋለሁ እንጂ አልከተላቸውም።

በዚህ መንገድ ላይ የሚያጋጥሙኝን ሰዎች ሳልጠቅስ ባልፍ ቅር ይለኛል። በጉሙ ውስጥ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች አሉ፤ ሸክሙ ከኋላቸው ከራሳቸው በላይ ስለሚዘረጋ ከሩቅ ሲታዩ ዛፍ የሚራመድ ይመስላል። አንድ ቀን ሳንባዬ ሊፈነዳ ደርሶ ጉልበቴን ይዤ በቆምሁበት፣ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ሸክማቸውን እንደ ተሸከሙ በአጠገቤ ሲያልፉ «አይዞህ ልጄ፣ ደርሰሃል» አሉኝ። እርሳቸው ያን ሸክም የሚሸከሙት ለእንጀራ ነው፤ እኔ የምሮጠው ተቀምጬ በመብላቴ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ አቀበቱ ክብደት አፌን ሞልቼ አላወራም።

በጃን ሜዳ አካባቢ ደግሞ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በከሰል እሳት የሚሞቅ አንድ ዘበኛ አለ። በመጀመሪያው ሳምንት እየሮጥሁ ሳልፍ ብድግ ብሎ «ጋሼ፣ ምነው በሰላም? ሰው አሞብዎት ነው?» አለኝ። «ማንም አልታመመም፤ እንዳልታመም ነው» አልሁት። ነገሩ ባይዋጥለትም፣ ባልመጣሁ ቀን በማግሥቱ የት እንደ ነበርሁ ይጠይቀኛል። ከዚህ የበረታ ተቈጣጣሪ አላየሁም።

ውጤቱን በተመለከተ፣ ሒሳብ አዋቂዎች ፊት ስለ ቆምሁ የተጣራውን ብቻ እናገራለሁ። ሦስቱ ወር አልቆ ኅዳር ላይ ስለካ 149 በ93 ሆኖ ተገኘ። ሐኪሟ እንደነገረችኝ ግፊቱ ከፍ ላለበት ሰው እንዲህ ያለው እንቅስቃሴ የላይኛውን ቍጥር ከአምስት እስከ ስምንት ዝቅ ቢያደርግ የተለመደ ነው፤ የእኔ ዘጠኝ ስለ ወረደ ጨው መቀነሴም ረድቶኛል ማለት ነው። ነገር ግን 149 ጤና አይደለም፤ ኪኒኑ ተጀመረ። በዓመቱ መጠኑ በግማሽ ተቀነሰልኝ፤ ግማሹን እስከ ዛሬ እወስዳለሁ። ሩጫ ከመድኃኒት ያድናል ብሎ የሚሰብክ ሰው ካጋጠማችሁ ደብተሩን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።

ስለ ዕድሜም እንዲሁ ነው። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በ1994 ዓ.ም. ሲጀመር ወጣት ነበርሁ፤ ያን ጊዜ ግን ከዳር ቆሜ ሳጨበጭብ እንጂ ስሮጥ ያየኝ የለም። አሁን በየኅዳሩ አሥሩን ኪሎ ሜትር እሮጣለሁ። በ48 ዓመቴ በ54 ደቂቃ ገብቼ ነበር፤ ባለፈው በ57 ገባሁ። ልምምዱ አልቀነሰም፤ ይህ የእርጅና ቅናሽ ነው፤ እንደ ማንኛውም ቋሚ ንብረት በየዓመቱ ይመዘገባል። ልዩነቱ የሚሰማኝ ከፍጥነቱ ይልቅ በማገገሙ ላይ ነው። ድሮ የእንጦጦ አቀበት በማግሥቱ ይረሳኝ ነበር፤ ዛሬ ሁለት ቀን ሙሉ ደረጃ ስወርድ ያስታውሰኛል። ስለዚህ አቀበቱን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ አድርጌዋለሁ። ከአልጋ ሳልነሣ የምለካው የልብ ትርታ ከተለመደው በስምንት ወይም በአሥር ከበለጠ፣ ያን ቀን ዝናቡ ባይዘንብም እተኛለሁ።

ጥቂት ባልደረቦች ስለ ፍልሰታ ጠይቀውኛል። ነሐሴ ከገባ ጀምሮ እስከ ቀትር በኋላ ሳይቀምሱ የሚቈዩ ሰዎች በማለዳ ይሩጡ ወይ ነው ጥያቄው። እኔ በጾሙ ሁለት ሳምንት ርቀቱን ወደ ግማሽ አወርዳለሁ፤ አቀበቱንም እተዋለሁ። ላብ የወጣበትን ውኃ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይተኩ መቈየት በሚዛኔ ላይ በግልጽ ይታያል፤ በዚያ ላይ ቀኑን ሙሉ ቍጥር ሲደምሩ መዋል ራስ ያዞራል። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ይህን ከእኔ ሳይሆን ከሐኪሙ ይጠይቅ።

ስለ ጫማም በአጭሩ ልናገር። ሁለት ጥንድ ይኑራችሁ፤ አንዱ ሲረጥብ ሌላው ይደርቃል። የረጠበውን ከሰል አጠገብ አታስጠጉ፤ ማጣበቂያው ይለቅና ሶሉ ይገነጠላል። የቈየ ጋዜጣ ጨብጣችሁ በውስጡ ጠቅጥቁ፤ ማታ ላይ ቀይሩት። በመሥሪያ ቤታችን የተጣለ ወረቀት እንደሆነ አይጠፋም፤ ብቻ ምስጢራዊ ሰነድ እንዳትጠቀጥቁ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት በጃን ሜዳ የምንገናኝ የዚህ ማኅበር አባላት አራት ነን። አራተኛው ባልደረባችን በመጀመሪያው ቀን የመጣው ጃንጥላ ይዞ ነበር፤ አንድ ዙርም በጃንጥላው ሮጧል። ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ለዚያ ዘበኛ ሰጠው።